«ደህና» ተብሎ የተመዘገበ ጠብታ

ስዊድን፣ ጥቅምት 12 ቀን 1993 ዓ.ም.

ውዷ ባለቤቴ አባይነሽ፣

ሰላምታዬን ሁሉ ብጽፈው ፖስታው ስለሚከብድ ግማሹን አንቺው ገምቺው። እዚህ ብርዱ ገና በጥቅምት ጥርስ ያፋጫል። አንቺ ደግሞ ይህን ጊዜ በሩን ከፍተሽ፣ መጽሐፍ በማራገቢያነት ይዘሽ እንደተቀመጥሽ አውቃለሁ። እኔ ካንቺ መራቄ ሲቀር ምንም አልጎደለብኝም፤ ይህ አንዱ ጉድለት ግን ለሁሉም ይበቃል።

ለጠየቅሽኝ ልመልስ። አዎ፣ ባልሽ መምህር ጸጋአብ ከጋምቤላ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሁለት ዓመት ፈቃድ ወስዶ ባሕር ማዶ የተሻገረው ቆርቆሮ ሊያቀልጥ ነው። አቦቦ ላሉት አባትሽ ግን እንዲህ ብለሽ አትንገሪያቸው፤ «ለዚህማ አቦቦ ምን አነሰው?» ይላሉ። ቆርቆሮ ስልሽ የቤታችን ጣሪያ እንዳይመስልሽ። ማታ ማታ ሬዲዮ ስጠግን ሽቦ ከሽቦ የማጣብቅበት፣ የጋለ ብረት ሲነካው ውሃ የሚሆነው ለስላሳው ነጭ ብረት ነው።

እሱን በትንሽ ዕቃ ውስጥ እናቀልጠዋለን። ከላይ በጋዝ እንገፋዋለን፣ ከታች ከፀጉር በቀጠነ ቀዳዳ ይወጣል። ቀዳዳውን በኤሌክትሪክ የሚንቀጠቀጥ ቀለበት ያቅፈዋል፤ ንዝረቱ ልኩን ሲያገኝ ቀጭኑ ፈሳሽ እኩል እኩል ሆኖ ይቆራረጣል። በሰከንድ ሃያ ሺህ ጠብታ፣ አንዱ ካንዱ የማይበልጥ። አየር በሌለበት ክፍል ውስጥ ሲወርዱ በሌዘር እንመታቸዋለን፤ የተመታው ይፈነዳና ብርሃን ይሰጣል። ብርሃኑን ግን ማንም አያየውም። ከዓይን አቅም ውጭ ነው፤ አየር ራሱ ይውጠዋል፣ ብርጭቆም አያሳልፈውም፣ በልዩ መስታወት ላይ ነጥሮ ብቻ ይሰበሰባል። አንድ ቀን በዚህ ብርሃን የኮምፒዩተር አንጎል የሚሆኑትን ደቃቅ መስመሮች ያትሙበታል አሉ። እስከዚያ ድረስ የኔ ሥራ ጠብታው እንዳይዛነፍ መጠበቅ ነው። መጀመሪያ ሰሞን ቀዳዳው በየሰዓቱ ይደፈን ነበር። የቀለጠውን ላዩን የሚሸፍነውን ቅርፊት ሳይገፍፉ ወደ ታች ይገፉት ኖሯል! ሬዲዮ የጠገነ ሰው ይህን ያውቃል፤ ነገርኳቸው፣ ሠራ። ከዚያ ወዲህ ስሜን አጥርተው ይጠሩኛል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። አለቃዬ ስልሳ ዓመት ሊሞላት የደረሰች፣ ቃል የምትቆጥብ ሴት ናት። ባለፈው ሳምንት ጠርታ ሦስት ዓመት ጨምር አለችኝ። መልሴን እስከ ሚያዝያ 22 ትጠብቃለች። ከፈረምኩ ይህ ጠብታ በእጄ ያድጋል፤ እዚያ ያለው የማስተማር ቦታዬ ግን ለሌላ ይሰጣል፣ እኔና አንቺም ሌላ ሦስት ዓመት በወረቀት እንኖራለን። አባትሽን ጥለሽ እንደማትመጪ ስለነገርሽኝ እሱን ደግሜ አልጠይቅሽም። ካልፈረምኩ ደግሞ መስከረም ላይ እዚያ ነኝ። ምን ትያለሽ? «እንደፈለግህ» የሚለውን ብቻ አትጻፊልኝ።

ያንቺው ጸጋአብ

—

ጋምቤላ፣ ኅዳር 24 ቀን 1993 ዓ.ም.

ለውድ ባለቤቴ ጸጋአብ፣

ለዘገየሁበት ይቅርታ። ፊደሉ ካላማረህም ይቅርታ፤ የምትጽፍልኝ ጎረቤታችን ኛቹዎል ናት። የግራ እጄን ጣት ቢላ ቆርጦኝ ነው። ከዚያ በቀር ትንሽ ብርድ ብርድ ብሎኝ ነበር፣ አሁን ለቅቆኛል። ቤቱም፣ እኔም፣ አባቴም ደህና ነን። ምንም አታስብ።

ስለ ትምህርት ቤቱ፦ ዘንድሮ ክፍሌ ሰማንያ አራት ልጅ አለው። የክልሉ ትምህርት ቢሮ ትንንሾቹ በየቋንቋቸው ይማሩ ስላለ ኛቹዎል በኑዌርኛ ታስተምራለች፤ መጽሐፉ ሳይደርስ ትምህርቱ ስለተጀመረ ማታ ማታ ራሷ እየጻፈች ጠዋት ታስተምረዋለች። እኔ እንደ በፊቱ በአማርኛው አለሁ።

ስለ ሦስቱ ዓመት፦ ላንተ የሚበጅህን አንተ ታውቃለህ። እዚያ ድረስ የሄድከው ለዚህ ነው። እኔ ምን እላለሁ? እንደፈለግህ።

አባይነሽ

—

ስዊድን፣ ጥር 8 ቀን 1993 ዓ.ም.

አባይዬ፣

አትጻፊ ያልኩሽን ቃል ጻፍሽልኝ። ይሁን። ለኛቹዎል ምስጋናዬን አድርሺልኝ፤ ፊደሏ ካንቺ ፊደል ያምራል። አንድ ነገር ግን አልገባኝም። ቢላው የቆረጠው የግራ እጅሽን ነው። አንቺ የምትጽፊው በቀኝ ነው። ልብሽ ያልወደደውን እንድትነግሪኝ አልጨቀጭቅሽም፤ በገና ዕለት ስደውልም የጠየቅኩሽ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። የቴሌው አዳራሽ ሙሉ ሰው ቆሞ ሲያዳምጥሽ ምን ልትዪኝ ትችያለሽ? ሦስቱን ደቂቃ «ደህና ነሽ?» «ደህና ነኝ» «አንተስ?» ስንባባል ጨረስነው። በስልክ ታሞ የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም።

እኔም የደበቅኩሽ ነገር አለኝ። አንቺን ከመጠየቄ በፊት የራሴን ላውጣ።

በየሰዓቱ የጠብታውን ሁኔታ የምንመዘግብበት ደብተር አለን። ታኅሣሥ ውስጥ አንድ ሐሙስ ከሰዓት ተረኛው እኔ ነበርኩ። ተራዬ ሊያልቅ ሲል ጠብታዎቹ ወደ ግራ ዘንበል ማለት እንደጀመሩ አየሁ። በጣም ጥቂት ነው፣ የቀዳዳው አፍ ትንሽ ሳይቆሽሽ አልቀረም። የሚተካኝ ሰው ኮቱን እያወለቀ ነበር። ገና ሳይቀመጥ መጥፎ ወሬ እንዴት እነግረዋለሁ? ነገ በጠዋት ቀድሜ መጥቼ ራሴ አስተካክለዋለሁ ብዬ ደብተሩ ላይ «ደህና» ብዬ ጻፍኩና ወጣሁ። እሱ የጻፍኩትን አምኖ የመስታወቱን መከለያ ከፈተ፣ ሌዘሩንም ለቀቀ። የተዛነፈው ቆርቆሮ ሄዶ መስታወቱ ላይ ተረጨ። ያ መስታወት ተሠርቶ እስኪያልቅ ስምንት ወር ፈጅቷል።

ትጮህብኛለች ብዬ ስጠብቅ አለቃዬ ደብተሩን ይዛ አጠገቤ ተቀመጠች። ጣቷን ቃሉ ላይ አድርጋ ይህን ስትጽፍ ደህና ነበር ወይ አለችኝ። አልነበረም አልኳት። ታዲያ ለምን ጻፍክ አለችኝ። ምን ብዬ ላስረዳት? እኛ አገር ለጠየቀ ሁሉ መጀመሪያ ደህና ነው የሚባለው፤ ክፉው ነገር ሰው ከተቀመጠ፣ ውሃ ከጠጣ በኋላ ቀስ ተብሎ ይነገራል አልኳት። ደብተሩን ዘግታ፣

«ደብተሩ ሰላምታ አይደለም» አለችኝ።

አላባረረችኝም። ይባስ ብላ ደብተሩን ለእኔ ሰጠችኝ፤ ከእንግዲህ ኃላፊው አንተ ነህ አለች። በሕይወቴ እንዲህ አፍሬ አላውቅም። አንቺስ? ስለ ሚያዝያው ነገር እውነት ልብሽ ምን ይላል?

ጸጋአብ

—

ጋምቤላ፣ የካቲት 11 ቀን 1993 ዓ.ም.

ጸጋአብ ሆይ፣

ስለ መስታወቱ አዘንሁ። ካላባረሩህ ግን ወደውሃል ማለት ነው፤ እኛ ዘንድ ቢሆን ኖሮ ይህን ጊዜ ሦስት ስብሰባ ተጠርቶብህ ነበር።

ጣቴ ድኗል፤ እንደምታየው በራሴ እጅ ነው የጻፍሁት። ግራና ቀኙን ተወው።

ልብሽ ምን ይላል ላልኸኝ ልቤ የሚለው ፈርም ነው። አስቤበታለሁ። በኋላ አርጅተን ስንቀመጥ «ያቺ ሴት ባትጎትተኝ ኖሮ» እያልህ ስታየኝ መኖር አልፈልግም። የሰው ዕድል አልቆርጥም። ሦስት ዓመት ምን አላት? ሁለቱ ሊያልቅ አይደል? ስለ እኔ አታስብ። ባሮ እንደሆነ የትም አይሄድ፣ እኔም የትም አልሄድ።

ጉንፋን እንዳይዝህ። ወፍራሙን ሹራብ ልበስ።

አባይነሽ

—

ስዊድን፣ መጋቢት 3 ቀን 1993 ዓ.ም.

አባይዬ፣

ሹራቡን ለብሼ ነው የምጽፍልሽ።

መጀመሪያ የምሥራቹን። ትናንት ጠብታው ስድስት ሰዓት ሙሉ ሳይዛነፍ፣ ሳይደፈን፣ መጠኑም ሳይለወጥ ወረደ። እስካሁን ከሁለት ሰዓት ያለፈበት ቀን አልነበረም። ሥራው እንዴት እንደሚታይ አጫውቼሽ አላውቅም። ጠብታው እጅግ ፈጣን ስለሆነ በዓይን አይያዝም፤ ስለዚህ በየጠብታው ፍጥነት ልክ ብልጭ ድርግም የሚል መብራት እናበራበታለን። ያን ጊዜ ጠብታዎቹ አየር ላይ ተሰልፈው ቀጥ ብለው የቆሙ ይመስላሉ። አንዱም ግን አልቆመም። ሁሉም እየወደቀ ነው፤ አንዱ ባለፈበት ሌላው እየተተካ ነው የቆመ የሚመስልሽ። ስድስት ሰዓት ሙሉ ሳያቸው ዋልኩና በመጨረሻ ያሰብኩት ያንቺን ደብዳቤዎች ነው። ሁሉም ላይ ደህና ነሽ።

ይኸውልሽ፣ ከተጋባን ሦስት ዓመት ሊሆነን ነው፣ ግማሹን የኖርነው ተለያይተን ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ አንድ ቀን እንኳ «ና» ብለሽኝ አታውቂም። ስሄድም «አትሂድ» አላልሽም። መጀመሪያ ኩራትሽ ነው እል ነበር። አሁን ግን እፈራለሁ። መቅረቴን ለምደሽው ይሆን? ሁሉን ጥዬ መጥቼ «ማን ና አለህ?» የሚል ፊት ቢያየኝ ምን እሆናለሁ? መፈረም አይደለም የከበደኝ፣ መመለስም አይደለም። የምትፈልጊኝ መሆኑን ሳላውቅ ሁለቱንም ማድረግ አልቻልኩም።

ስለዚህ አንድ ነገር እለምንሻለሁ። ደብዳቤ አትጻፊልኝ። እንደ እኛ ደብተር መዝግቢልኝ። ከሐሙስ እስከ ሐሙስ፣ ቀኑን፣ የሆነውን፣ ያየሽውን። «እግዚአብሔር ይመስገን» አይገባበትም፣ እሱን እሑድ ትዪዋለሽ። ይህ ደብዳቤ ሦስት ሳምንት ቢሄድ፣ አንቺ አንድ ሳምንት ብትመዘግቢ፣ ያንቺው ሦስት ሳምንት ቢመለስ ልክ በሚያዝያ 22 እጄ ይገባል። መዝገብሽን አይቼ እወስናለሁ። የሥራ ቤቱን ስልክ ቁጥር ከታች ጽፌልሻለሁ፤ ለክፉ ቀን ይሁንሽ።

ጸጋአብ

—

ጋምቤላ፣ ሚያዝያ 1993 ዓ.ም.

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 11። ደብዳቤህ የደረሰኝ ትናንት ነው። ሦስት ሳምንት ያልኸው ከአምስት በላይ ፈጅቷል። የት ቆሞ እንደከረመ አላውቅም፣ ፖስታው ጠርዙ በስብሷል። እንዳልኸኝ እመዘግባለሁ። ዛሬ ሰማንያ አንድ ተማሪ መጣ። ሙቀቱ ብሶበታል፤ ጠመኔው በላቤ ረጥቦ አልጽፍ አለኝ። ዓሣ በላሁ። ብቻዬን።

ዓርብ፣ 12። ምንም አልሆነም። ደብተራችሁ ምንም ያልሆነበትን ቀን ይመዘግባል? ጠረጴዛህ ላይ ፈትተህ የተውኸውን ሬዲዮ አቧራውን ጠረግሁ። የሬዲዮው ባለቤት ሉል መጥቶ መምህሩ መቼ ይመጣል አለኝ። በቅርቡ አልሁት። ውሸት ይሁን እውነት አላውቅም።

ቅዳሜ፣ 13። ልብስ አጠብሁ። ነጩን ሸሚዝህንም አጠብሁት። የለበሰው የለም፣ አልቆሸሸም። በየሁለት ሳምንቱ አጥበዋለሁ።

እሑድ፣ 14። ቤተ ክርስቲያን ስሜ መጣሁ። ዛሬ የኋላውን ልመዝግብ ብዬ ቆርጫለሁ። ኅዳር 9 ወባ ያዘኝ። ኅዳር 13 ክፍል ውስጥ ራሴን ስቼ ወደቅሁ፤ ያነሡኝ ልጆቹ ናቸው። ሆስፒታል አሥራ ሰባት ቀን ተኛሁ። የኅዳሩን ደብዳቤ ያጻፍሁት ከዚያው አልጋ ላይ ነው። እጄ ብዕር አይዝም ነበር። ኛቹዎል ወረቀቱን አስቀምጣ፣ «እኔ ውሸት አልጽፍም። አንቺ ታመሻል፣ ባልሽ ይወቅ» አለችኝ። ለመንኋት። አንድ ሰው ባሕር ማዶ ብቻውን ተቀምጦ እንዲህ ያለ ነገር አይነገረውም፣ አጠገቡ ማንም የለም አልኋት። ጣቷን ተቆርጣለች በይ አልኋት። ግራ እጅ ብላ የጻፈችው እሷ ናት። አሁን ሳስበው ሆን ብላ ነው።

አልቅሼ የማላውቅ ሴት እዚያ አልጋ ላይ አለቀስሁ። ሞትን ፈርቼ መስሏቸው ነበር። የፈራሁት ሳላይህ መሄድን ነው። ደብዳቤው ላይ «ብርድ ብርድ ብሎኝ ነበር» አልሁህ። ከታኅሣሥ ወዲህ ግን ድኛለሁ፣ አስተምራለሁ፣ ልክ እንደ በፊቱ እበላለሁ። ይህ እውነተኛው ደህና ነው።

ሰኞ፣ 15። ከሰዓት ዘነበ። ጣሪያው በማዕዘኑ በኩል ያፈሳል። ባልዲ አስቀመጥሁ።

ማክሰኞ፣ 16። አባቴ ከአቦቦ መጣ። በቆሎና ማር አመጣልኝ። ያንን ሁሉ ቀን ታምሜ እንደነበር የሰማው ገና አሁን ነው፤ ኛቹዎል ነገረችው። አልተቆጣም። እንደ እናትሽ ሆንሽ፣ ሁሉን ሆድ ይፍጀው ትያለሽ አለኝ። እናቴ ከወሎ በሠፈራ ስንመጣ መንገድ ላይ ታማ ለማንም ሳትናገር የደረሰች ሴት ናት። እዚህ በደረስን በሳምንቱ ሞተች። ይህን አንተም አታውቀውም።

ረቡዕ፣ 17። ቀኑን አሰላሁት። መዝገቤ ዛሬ ቢነሣ እንኳ ለ22 አይደርስም። እንግዲህ እግዚአብሔር ፈረደ፣ እኔ አልከለከልሁትም አልሁ። ቀለል አለኝ። ወዲያው ደግሞ መቅለሉ አሳፈረኝ። የቀለለኝ ቀኑ ስላመለጠኝ እንጂ መች ተናግሬ ነው?

ሐሙስ፣ 18። ናፍቀኸኛል። ሌላ የሚመዘገብ የለም።

ዓርብ፣ 19። ለክፉ ቀን ይሁንሽ ያልኸውን ቁጥር ይዤ ከሰዓት ቴሌ ሄድሁ። ሰው ሞልቷል። የሆስፒታል ሠራተኞች፣ ከፉኝዶ የመጡ የስደተኛ ካምፕ ሠራተኞች፣ የተማሪዎቼ ወላጆች። የስልክ ክፍሉ በር ተነቅሎ ግድግዳ ላይ ተደግፏል። ስልክ የሚያገናኘው ቢየል መስመሩ ደካማ ስለሆነ ጮክ በይ አለኝ። የተነጋገርነውን አንተም ስለምታውቀው ከዚህ በኋላ ያለውን የምመዘግበው በእኔ በኩል እንደታየኝ ነው።

ልነግርህ ያሰብሁትን በወረቀት ጽፌ ይዤ ነበር። እጄ ላይ እያለ አንድ ደቂቃ በሙሉ በጤናህ አለፈ፤ እንዴት ነህ፣ ብርዱ፣ ሥራው። አፌ ከለመደው አልወጣ አለኝ። ቢየል በጣቱ ሁለት ደቂቃ ቀርቷል ብሎ ሲያሳየኝ ወረቀቱን አጥፌ፣

«ና» አልሁህ።

አልሰማሁም አልኸኝ። ጮክ ብዬ ደገምሁት። ድምፅሽ ይቆራረጣል አልኸኝ። ያን ጊዜ ተማሪ እንደምጠራ አድርጌ ጮህሁ።

«ና! ጸጋአብ፣ ና!»

አዳራሹ ጸጥ አለ። ጠበቅሁ፣ ሃሎ አልሁ፣ ምንም የለም። ቢየል መስመሩ ሳይቆረጥ አልቀረም አለ። ስወጣ ማንን እንደምመለከት ጠፍቶኝ መሬት መሬት እያየሁ ነበር። ወረፋ የያዙ አንድ ሽማግሌ አኙዋክ መንገድ ለቀቁልኝና «እሱ ባይሰማ እኛ ሰምተናል» አሉኝ። ሰዉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

ይህን መዝገብ ነገ ፖስታ ቤት እወስደዋለሁ። ሲደርስህ ውሳኔህ ያለፈ ነው። ፈርመህ ከሆነ አልቀየምህም። ሰምተኸኝ ከሆነ ግን ንገረኝ። እሱን ብቻ ማወቅ እፈልጋለሁ።

አባይነሽ

—

ስዊድን፣ ሚያዝያ 24 ቀን 1993 ዓ.ም.

አባይነሽ፣

አልፈረምኩም።

ሰኞ ጠዋት ለአለቃዬ ነገርኳት። ምክንያቴን ጠየቀችኝ፣ ባለቤቴ ና አለችኝ አልኳት። ሌላ አልጠየቀችኝም፤ እጄን ጨበጠችኝ። እስከ ጳጉሜን ድረስ የሚተካኝን ሰው አሠለጥናለሁ፤ መስከረም 4 አዲስ አበባ እገባለሁ፣ አውሮፕላኑ ከመጣ በዚያው ሳምንት ጋምቤላ ነኝ። ካልመጣም በመኪና እመጣለሁ።

አልዋሽሽም፣ ጠብታውን ትቼ መሄዴ ያመኛል። ትናንት ዘጠኝ ሰዓት ሙሉ ወረደ። ቆሜ ሳየው ዋልኩ። ሌላ ሰው አሥራ ሁለት ያደርሰዋል፣ ስሜም በዚያ ላይ አይኖርም። ይህንን አንድ ቀን ተናድጄ ሳነሣብሽ ብትሰሚ ስለናደደኝ እንጂ ስለተጸጸትኩ እንዳይመስልሽ።

መዝገቡን ጽፈሽው ከሆነ ላኪልኝ፣ ቀኑ ቢያልፍም ላኪው። ያኔ ኅዳር ላይ ምን ሆነሽ እንደነበር ግን ፊትሽን እያየሁ ነው መስማት የምፈልገው።

ዓርብ ዕለት የሆነውን ልናዘዝሽ። የመጀመሪያውን «ና» ጥርት አድርጌ ሰምቼዋለሁ። አልሰማሁም ያልኩሽ ደግመሽ እንድትዪው ነው። ሁለተኛውንም ሰምቻለሁ፤ እንደገና ፈለግኩት። ሦስተኛውን ስትጮኺ የሰው ድምፅ ሁሉ ከኋላሽ ዝም ሲል ተሰማኝ፣ «ሃሎ፣ ሃሎ» እያልሽ ስትጣሪኝም ሰማሁ። መስመሩ የተቆረጠ መስሎሽ ወደ ቤትሽ ሄደሽ ይሆናል። አልተቆረጠም። እያለቀስኩ ስለነበር ነው መመለስ ያቃተኝ።

ጸጋአብ